ከካፖርት ክፍሉ የተሰማ ሳቅ

ዓሣ ጭነው የሚገቡ ጀልባዎች ከሚያድሩበት ማዶ፣
አንድ ቴአትር ቤት አለ በግሪምስቢ፣ ቀለሙ በጨው ነዶ።
አሥራ አንድ ሌሊት እዚያ ካፖርት ተቀበልኩ፣
የናስ ቁጥር ሰጥቼ እርጥቡን ሰቀልኩ።
መድረኩን አላየሁም፤ በመሐላችን ግድግዳ አለ፤
ቀጭን ነው፣ ሳቅ ያሳልፋል፤ ቃልን ግን ከለከለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው አሉኝ፦ አንድ የሚዛን መርማሪ፣
ፔብልዊክ የሚባል፣ ከሱቅ ሱቅ ዟሪ፣
የሰው ኪሎ ሲያቃና የራሱ ልብ ያጋደለ፣
በሰባት መጽሐፍ ሙሉ ከቅሌት ቅሌት የዘለለ።
አሁን ዘፈን ጨመሩለት፣
ስድስት ቫዮሊን፣ አንድ ዝይም አከሉለት።

ሳቁን በዓይነት ለየሁት።
የሰገነቱ፣ የርካሽ ቲኬቱ፣ ባልዲ ውኃ እንደ ደፉት፤
የፊት ወንበሩ ደግሞ ጉሮሮ ጠርጎ የሚወጣ፣
ጎረቤቱን አይቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ የሚመጣ።
ዝይዋ ስትገባማ ወለሉ ጭምር ይናጣል፣
የናሱ ቁጥር በየመስቀያው ይንቀጠቀጣል።
ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን አንዲት ቦታ አለች፣
በየማታው ጸጥ የምትል፤ ምን እንደሆነች
አላውቅም።

ሚስተር ሃዝልግሮቭ በዕረፍቱ ሰዓት ተቆጥቶ ይመጣል፤
አርባ ዓመት የዓሣ ጨረታ መዝኗል፤ ያውቃል።
«ያ የድንች ሚዛን ነው! ዓሣ በሱ አይመዘንም!
በመጽሐፉ ዝይዋ ትነክሳለች እንጂ አትዘፍንም!
ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ገጽ ሰማንያ፣ ሂጂና እዪው» ይለኛል፤
ካፖርቱን ይለብስና፣ ቆልፎ፣ ተመልሶ ይገባል።
በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም። በጡረታው ብር ቲኬት ገዝቶ፣
ቅሬታውን እንደ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ከትቶ።

ወይዘሮ ኢሶልድ ፕራት፣ አረንጓዴ ካፖርት፣ ቁጥር ዘጠኝ፦
«ባሌ አልጋ ላይ ነበር ሰባቱንም ያነበበልኝ።»
ቀልዱ ሳይደርስ ትስቃለች፣ አንድ ትንፋሽ ቀድማ ከሰው፤
«እሽሽ!» ይላል ከኋላዋ፣ ዋናውን ሳቅ የሚጠብቀው።
ያቺን ሳቅ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ለየኋት፤
እንደ በር ማንኳኳት ናት፣ የሚከፍት የሌላት።

የጋዜጣው ሰው «ደግ ነው፣ ግን ይረዝማል» ብሎ ጻፈ፤
ጃንጥላውን እኔ ዘንድ ረስቶ በዝናብ እየሮጠ አለፈ።
እስከ ዛሬ አልመጣም።

በመጨረሻዋ ሌሊት ሥራ አስኪያጁ «ግቢ፣ አንቺም እዪው» አለኝ፤
የጽዳቱን ልጅ ካፖርቶቹ ላይ ሾሞ፣ ከምሰሶ ጀርባ ወንበር ሰጠኝ።
እኔስ አልሳቅሁም! አዳራሹ ሲፈርስ፣ ዝይዋ ስትወጣ፣
ለኔ ደጋግሞ እንደሰሙት ሐሜት ነው፤ ቀድሞ የመጣ።

ከዚያ ያቺ ቦታ ደረሰች፣ ያቺ ጸጥ የምትለው፤
ፔብልዊክ ብቻውን ቆሟል፤ ዘፈንም፣ ዝይም የለው።
የድንች ሚዛኑ ላይ ራሱ ወጣ፤ መርፌውን አየ።
ወረደ። ጫማውን አወለቀ። ወጣ። መርፌውን አየ።
ባርኔጣውን አወለቀ።
የጋብቻ ቀለበቱን አወለቀ።
ወጣ።
ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

እኔ ፈነዳሁ! ብቻዬን፣ በሳቅ፤ ሰባት ረድፍ ዞረ፤
ሚስተር ሃዝልግሮቭ አፍጥጦ አየኝ፤ ዓይኑ ግን እንባ ቋጥሮ ነበረ።
ምን እንዳሳቀኝ እንጃ። ያ ሰው ቀለበቱን ይዞ፣ ክብደቱን ሲፈልግ፣
እኔም ሳላውቀው የመዘንኩት ነገር ነበር በየካፖርቱ ማዕረግ።

ስመለስ ልጁ ቁጥር አደበላልቆ በካፖርት ተከቧል፦
«ጸጥ ያለው ቦታ ላይ ማነው የሳቀው? እዚህ ድረስ ተሰምቷል።»
«እንጃ» አልኩት።
ወይዘሮ ፕራት አረንጓዴዋን ለብሳ፣ ቁጥር ዘጠኝን መለሰች፤
ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዛሬ ቀደምሽኝ» አለች።

በሩን ልዘጋ ስወጣ ዝናቡ የወደቡን መብራት ያንጠባጥባል፤
ከመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ይራመዳል፤
የዝይዋን ዘፈን ያፏጫል፤
ዜማውን ስቶታል።