የስፌት ትርፍ

ሠላሳ ስምንት ዓመት ፔዳል ረግጫለሁ
መኪና ግርግር ላይ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ፤
እግሬ ስንት አገር ሄደ፣ ቢለካ፣ ቢቆጠር፣
እኔ ከወንበሬ አንድ ክንድ ሳልርቅ።
የስንቱን ሙሽራ ወገብ ለክቻለሁ፣
የስንቱን ሟች ሱሪ አጥብቤ ለልጁ፤
የእኔን የለካችው ሐኪሟ ብቻ ናት፣
ሜትሩን ካንገቴ ስባ በገዛ እጇ።
«ስኳር ነው» አለችኝ። «በእግርዎ ይሂዱ።»

ሄድሁ።
አንድ ወር ሄድሁ፣ ሁለት ወር። በሦስተኛው፣
ከፈላና በር ቁልቁል፣ ሰው ሳያየኝ፣
መሄዱ ሮጠብኝ።

አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ደፍኛለሁ። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር
ከመቶ ዘጠና አምስት ልሮጥ ነው፣ በጥር።
ኢብሳ ነው ያስመዘገበኝ፣ ባጃጁን አቁሞ፣
ስሜን በስልኩ ላይ በጥድፊያ አትሞ።
«አርባ ሁለቱስ ይሁን፤ ይቺ ትርፏ ምንድን ናት?» አለ።
እሱ ልብስ ሰፍቶ አያውቅም።
ጨርቅ በልክ አይቆረጥም፣
ወደ ውስጥ ለሚታጠፍ ሁለት ጣት ይተዋል፤
ማንም አያየውም፤
ያለሱ ግን ልብሱ ባንድ ሳቅ ይተረተራል።

ሱብሒ ሰግጄ እወጣለሁ፣ ግንቡን በቀኜ ይዤ፤
ሸዋ በር፣ ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋ፣ ቡዳ።
አንዱ ዙር ሦስት ተኩል ይሆናል ይላል ኢብሳ፤
ጉልበቴ የሚለው ሌላ ነው።
ከሰንጋ በር ወዲህ፣ ዳገቱ ሲጀምር፣
ዘይት እንደጠማው መኪና ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል።
ጅብ አገኛለሁ፣ ከመንጋጋው ፌስታል ተንጠልጥሎ፤
እሱ ሊገባ፣ እኔ ልወጣ፣
እንደ ሁለት ዘበኛ
ሳንተያይ ፈረቃ እንለዋወጣለን።
ፀሐይ ስትሞቅ ደግሞ ተማሪዎች ይጮሃሉ፦
«አው ፈትሒ! ሌባው በዚያ በኩል ሄዷል!»
እጄን አነሣላቸዋለሁ።
በዚያ በኩል እሮጣለሁ።

ያለፈው ዓርብ፣ ስድስተኛው ዙር ላይ፣
ኤረር በር ስደርስ እግሬ እምቢ አለ።
ከጫት ሻጮቹ መሀል ኢፍቱ ውሃ ሰጠችኝ፣
ከጥላዋ ሥር ቦታ ለቀቀችልኝ፣
«አባቴ» አለች፣ «ማን ነው የሚያሳድድህ?»

መልስ አጣሁ። ውሃውን ቀስ ብዬ ጠጣሁ።
ጣሳው ባዶ ሲሆን ግን አወቅሁት፦
ወንበሬ ነው።
መሀሉ የእኔን ቅርጽ ይዞ የጎደጎደው፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት አቅፎኝ ያልጠገበው፣
ባራት እግሩ ሆኖ፣ ከኋላ ከኋላ፣
ቁጭ በል፣ ቁጭ በል እያለ የሚመጣው።
ነገርኋት። አልሳቀችም።
«ታዲያ ምን ያስቆምሃል?» ብላ ጣሳዋን ተቀበለችኝ።

ሙሚና እስከ ዛሬ ስለ ሩጫው አንድ ቃል አልወጣትም።
ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ሰንጋ በር ጥግ ካለችው ቤታችን ደፍ ላይ
ሳህን ታኖራለች፤
ለየዙሩ አንዳንድ ተምር። ሐኪሟ እንዳትሰማ።
ዛሬ ስምንት ዙር ነበር። ሳህኑ ላይ ስምንት፣
እና ግማሽ፣ ፍሬው የወጣለት።
ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ድስቱን ነው የምታየው።
«ለትርፉ» አለች።

ማታ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ካናቴራ ሰፋሁ፤
ለራሴ ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነው።
ኢብሳ፣ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ ነው የሚያሲዙት፣ ብሎኛል።
መርፌ ቁልፍ! በሰፊ ደረት ላይ!
በክር ነው የማስይዘው።
ቁጥሩ ገና አልመጣም፤
ቦታውን ግን በሳሙና ስባሪ
አስምሬ ጨርሻለሁ፣
ከአራቱም ጎን
ሁለት ሁለት ጣት ትቼ።