ናሙና

ጦሳ ጉሙን ጥሎ ደሴ ላይ ሲተኛ
አልጋ ላይ ነኝ እኔ፣ የሐሙስ በሽተኛ።
ሐኪሟ ወሰንየለሽ፣ የወረባቦ ልጅ፣
ሁለት መርፌ ይዛ፣ በግራ በቀኝ እጅ፦

«ይቺ ፀጉር ታህላለች፣ ብዙም አታምም፤
ትመጥጣለች እንጂ ቆርጣ አትወስድም።
ሕዋሱን ታሳያለች፣ አንድ ባንድ ተበትኖ፤
ማን ከማን ጎን ኖረ? እሱ ይቀራል ተሸፍኖ።
ያቺኛዋ ወፍራም፣ በሞላ የምትዘል፣
ሥጋውን ከነሠፈሩ ቆርጣ እንደ ፈትል
ታመጣለች።
አብሽር፣ ይማም። ግን አንዳንዴ ደም አለ፣ አልዋሽህም።»

ሳቅሁ፣ ጎኔን እያመመኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ኮምቦልቻ ገበያ፣
ጆንያ ስወጋ ነው የኖርሁ በመውጊያ፤
ቦይ ያላት ብረት ናት፣ ጫፏ የሾለ፣
እህሉን ታወጣለች በየተራው እንዳለ፦
ከላይ ነጭ፣ ከመሃል ነቀዝ፣ ከታች ጠጠር።
አፍ አፉን ዘግኖ የገዛ ነጋዴ
ሲራገፍ ነው እንጂ የሚለው «ወይ ጉዴ!»

«ወፍራሟን» አልኋት። «እፍኝ አያታልለኝም።
እኔ ግን ሳላይ ነበር የምወጋው። አንቺስ?»

ስክሪኑን አዞረችልኝ። ጉበቴ የሐይቅ ዳር ጭጋግ፣
መሃሉ ላይ አንድ ጥላ፣ ጀልባ ይሁን ድንጋይ የማይለይ።
«እያየሁ ነው የምነዳት» አለች፣ «በዳበሳ አይደለም።
ትንፋሽህን ያዝ።»

ያዝሁ።
በያዝሁት ትንፋሽ ውስጥ መጣች የኩታበሯ ሞሚና፦
ሦስት ጆንያ ስንዴ፣ ከያንዳንዱ አንድ እፍኝ ለናሙና።
ያን ቀን አልገዛኋትም። እፍኙንም አልመለስሁ።
ከሁሉም ሻጭ እንዲያው ነው፤ ማታ ማታ ቤቴ
የሰው እፍኝ እየደፋሁ ስንት ጆንያ ሞላሁ!

ቀጭ!
እንደ ቁልፍ ድምፅ። ወጣች።
ክር የምታህል ሥጋ ብልቃጥ ውስጥ ዋኘች፣
ስሜ ተለጥፎባት፣ ይማም ሙሄ፣ ጥፍር የማትሞላ።
ውጤቱ ከአሥር ቀን በኋላ።

እኛ ጆንያ ስንወጋ፣ ቀዳዳውን በጥፍር
ፈቅ ፈቅ አድርገን ክሩን እናገናኘዋለን።
እሷ በፋሻ ጫን አለች፤
«በቀኝ ጎንህ ተኛ፣ አራት ሰዓት፣ እንዳትነሳ።»
በቀኝ ጎን መተኛቱን አውቀዋለሁ፤
አባቴን እንዲያ ነው አፈር ውስጥ ያስተኛነው።

ገና ነው፣ አልሁ ለራሴ።
ናሙና ነው እንጂ ይኸ ግዢ አይደለም።
ከዚያ ወደ ግድግዳው እንደዞርሁ
ልጄን እንድሪስን ጠየቅሁት፦
የኩታበር መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሳ?