የጥላ ሚዛን

ከቀሃ ወንዝ በላይ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣
አራት ክፍል አለን፣ ዝናብ 'ሚያስገባ።
አምስተኛው ክፍል፣ ጣራ አልባው ጓሮ፣
የግራር ጥላ ስር፣ በጠመኔ ተጭሮ።

ጥቅምት ነው፤ ማክሰኞ። የሦስተኛ "ለ" ልጆች፤
ተገልጠው ደብተሮች፣ ተቀርጸው እርሳሶች።
ማካፈል ልጽፍ ስል፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳ፣
ከኋላ ወንበር ላይ፣ እንደ ድንገት እንግዳ፣
የኤልዳና እጅ ወጣ።
"ቲቸር፣ ጥላ ይከብዳል?"
ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

እኔም ልስቅ ነበር። ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ
ሳቄ ቀጥ አለ።
ለካ እኔም አላውቅም።
ኮሌጅ ሦስት ዓመት፣ ማስተማር ሰባት ዓመት፣
ይህን የጠየቀኝ፣
ወይ እኔ የጠየቅሁት
አንድም ሰው አልነበረም።

ማካፈሉ ቀረ። አራዳ ወርጄ፣
መታወቂያዬን ለጋሽ የሻምበል አስይዤ፣
ሚዛን ተዋስኩ፣ በርበሬ በርበሬ የሚል፤
ልጆቹ አስነጠሱ፣ ለሳይንስ ሲባል።
አንዱ ሳህን ጥላ ላይ፣ አንዱ ፀሐይ ላይ፤
ሠላሳ አንድ ትንፋሽ ቆመ፣ ውጤቱን ሊያይ።

ሳህኑ አልነቃነቀም።
"ምንም አይመዝንም!" አለ እንየው በኩራት።
ፍሬሰላም ግን ዝም አለች፣
ጥፍሯን በላች በላችና፣
"ሚዛኑም እኮ ጥላ አለው፤
ምናልባት
እሱንም አብረን መዝነነው ይሆናል" አለች።

ከዚያ የግራሩን ጥላ፣ በየሰዓቱ፣
ዳር ዳሩን በጠመኔ ስናሰምር ዋልን።
"ሄደ! ሄደ!" እያልን
እንደ ሌባ ከኋላው ተከተልን።
የምሳ ደወል ተደወለ፤
ምሳ የሄደ ግን የለም።
ማታ፣ ያለ ወቅቱ፣ ዝናብ መጣ፤
መሬት ላይ የጻፍነውን ሁሉ
አንብቦ አጠበው።

ሐሙስ ጠዋት አባት መጣ። አዛነው፣ ባለ ባጃጁ፤
የልጁ ደብተር በእጁ።
"በየወሩ ከፋይ ነኝ፣ ለነዳጅ ተሰልፌ አድሬ!
የጎረቤቴ ልጅ ሁለት ደብተር ሞላ፤ የኔዋ ግን፣ እስከ ዛሬ፣
ማክሰኞ ብላ ቀን ጽፋ፣ ከዚያ ወዲያ ንጣት!"
ወይዘሮ ይታክቱ፣ ርዕሰ መምህራችን፣
ወንበር ሳቡለት፤ አልተቀመጠም።
እኔን አዩኝ።
እኔስ ምን ልበል? ዝናብ የወሰደውን ደብተር
ከየት አምጥቼ ላሳይ?

ኤልዳና ከበሩ ዳር፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣
"አባዬ፣ ባጃጅህ ሲሄድ
ጥላው በየት በኩል ነው?" አለች።
አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።
ዘጠኝ ዓመት ነድቷል።
ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ሰኞ፣ ደወል ሳይደወል፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤
ባጃጁ ሳይጠፋ ከኋላው ይንተከተካል።
ሰላምታ የለም።
"ጠዋት ወደ አዘዞ ስወርድ፣ ጥላዬ በቀኜ ነው።
እሺ፣ አልኩ።
ማታ ስመለስ ፊቴ ዞሯል አይደል? በግራዬ ይሆናል ብዬ
እዚያው በቀኜ!
ስሄድም በቀኝ፣ ስመለስም በቀኝ፤
ቲቸር ሙት፣ ይሄ ነገር ሦስት ሌሊት አላስተኛኝ።"

መልሱን ይሄን ጊዜ አውቀው ነበር።
ምላሴ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር።
ዋጥኩት።
ጠመኔ ሰጠሁት።

አሁን ጓሮው ውስጥ በርከክ ብሎ
ከአራዳ እስከ አዘዞ መንገድ ያሰምራል፤
ኤልዳና በስተምሥራቅ ፀሐይ ሆናለች፣
እንየው ባጃጅ ሆኖ በአፉ ይንጎራጎራል፤
ፍሬሰላም ጥላ ልሁን ብላ
እግሩ ስር ተኝታለች፣ ዩኒፎርሟ አፈር ለብሷል።
ወይዘሮ ይታክቱ በመስኮት ያያሉ፤
አልተቆጡም። መነጽራቸውን ጠረጉ።

ማካፈሉን
ነገ እጀምራለሁ።