ጥሎ ማለፍ

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ኮረኮንች ሲጀምር፣
ረዳቱ «መጨረሻ!» እያለ ሲያባርር፣
እዚያ ነው ሰፈሬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
ግማሹ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ ገና ባዶ።

አውቶቡስ ይጥለናል፣ ያልፋል።
ውሃ ረቡዕ ሌሊት መጥቶ፣ ባልዲ ሳይሞላ ያልፋል።
ትራንስፎርመር የጫነ መኪና እናያለን፤
እልል ልንል አፍ ስንከፍት፣ ለሌሎች ነው፣ ያልፋል።
ጥሎ ማለፍ የሚሉትን
እኛ ከኳስ በፊት ነበር በኑሮ ያወቅነው።

ስሜ ሽብሩ ነበር፤ አሁን «ፎቶ ኮፒ» ነኝ፣
ከኮሌጁ በር ላይ ማሽኔ ያቆመኝ።
የልጆቹ ውጤት በእጄ ስለሚያልፍ፣
አውቃለሁ የቷ ናት ከጠርዝ የምትተርፍ።

አንድ ቀን አሰልጣኝ ጉርሜሳ መጣ፣
እንደ ተማሪ አፍሮ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ።
«ማሊያው ቁጥር የለውም፤ ያለ ቁጥር ደግሞ
አያሰልፉንም» አለኝ፣ ደጄ ላይ ቆሞ።
አተምኩለት በጥቁር፣ ለአስራ ሁለት ሴት፣
ወፋፍራም ቁጥሮች፣ ከአራት እስከ አስራ አምስት።
«ሂሳቡስ?» አልኩት። «ካሸነፍን» አለ።
ሳቅሁና መዝገቤ ላይ ስሙ በዱቤ ዋለ።

ሜዳችን አንድ ቅርጫት ነው ያለው፤ ሌላውን ነፋስ ጥሎታል።
ለዚህ ነው ልጆቻችን፣ ከእረፍት በኋላ ጎን ሲቀየር፣
ትንሽ የሚደናገሩት፤
ዓመቱን ሙሉ እንደ ጸሎተኛ
ወደ ምሥራቅ ብቻ ነው የሚወረውሩት።
ግን ሩብ ፍጻሜን አለፉ። ግማሽ ፍጻሜንም አለፉ።
ሰፈሩ ዝም አለ፣ ደስታን እንደሚፈራ ሰው።

የፍጻሜው ቀን ሽንኩርት የሚጭነው አይሱዙ
መጣ፤ ተጠርጎም ይሸታል፣ ሽንኩርት ነው ላቡም ወዙ።
ግንበኛው ዲሪባ ሲሚንቶውን ሳያራግፍ ገባ፤
የብሎካችን ጸሐፊ ወይዘሮ ትርፌ፣ ስብሰባ
ላይ እንኳ ድምጿ የማይሰማው፣
ፊሽካ ይዛ ነበር።

ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀር፣ በአንድ ነጥብ ተመርተን፣
እጥፍወርቅን ጣሏት። ሁለት ውርወራ አገኘን።
ዳኛው ጀርባዋን አየ፤ በላብ ርሶ፣ ሰባት ቁጥር የለም።
«ያለ ቁጥር አትወረውርም» አለ። ጸጥ አለ ዓለም።

ሥራዬ ኮፒ አይደል?
ትርፏ ሰባት በኪሴ፣ አራት ጊዜ ታጥፋ፣
ከዱቤ ወረቀት ጋር ኖራለች፣ ሳትጠፋ።
ዘለልኩ። በወይዘሮ ትርፌ የነጠላ መርፌ ቁልፍ
ጀርባዋ ላይ ስሰካ እጄ ይንቀጠቀጣል።
«አይዞህ» አለችኝ።
እሷ፣ ለእኔ።

የመጀመሪያው ሰሌዳውን ነክቶ ገባ።
ሁለተኛው፣ ትርፍ ሰው እንደሚጠብቅ ታክሲ፣
በብረቱ ጠርዝ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣
ጥሎን ሊያልፍ ነው ስንል
አላለፈም፤ ገባ።
ሃምሳ አንድ ለሃምሳ።
የቀሩትን ሰከንዶች ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤
ፊሽካ ሰማሁ፤ የዳኛው ይሁን የትርፌ፣
እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማታ ቃሊቲ ላይ ትራፊክ አስቆመን፤
«ከየት ናችሁ?» ሲለን፣
ሌላ ቀን ቢሆን «ከዚሁ» እንለው ነበር፣ ሰፈራችንን ደብቀን።
ያን ማታ ግን ቱሉ ዲምቱን፣ ማዶውንም ጨምረን፣
እስከ ብሎካችን ቁጥር ጮኸን ነገርነው።
ሰው በጭነት መኪና ብሎ ቅጣት ጻፈልን፤
እሱንም ኮፒ አደረግሁት።

የዲኑ ቢሮ ቁልፍ ስላልተገኘ ዋንጫው እኔ ዘንድ አደረ።
ማሽኑ ላይ አስቀምጬ ባትመው፣ ጥቁር ክብ ብቻ ወጣ፤
ከቅጣቱ ጎን ለጠፍኩት።
የጉርሜሳን ዕዳ አልሰረዝኩም፤ ይታይ።

ረቡዕ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ መጣ።
የተኛ ሰው አልነበረም፤
ማንንም አላለፈም።