ነፋሱን ይዘህ ና

በማጄላን ሰርጥ ዳር፣ በፑንታ አሬናስ፣
ማለዳ ማለዳ በር በሚፈትሽበት ነፋስ፣
የሚርታ ማንሲያን ደጅ አንኳኳሁ በጠዋት፣
የሠላሳ ዓመት ቀለም በጥፍሯ ሥር ያለባት።

«ታፔላ ስንት ነው?» አልኳት ኮፍያዬን ሳላወልቅ፣
እንዴት አደርሽ ብዬ ደኅንነቷን ሳልጠይቅ።
ብሩሿን በአኳራጅ እያጠበች ቆየች፣
ቀና አለች በመጨረሻ፣
«መንገድ ስንት ነው?» አለች።
«የቱ መንገድ?» ስላት፣
«የቱ ታፔላ?» አለችኝ።
መዝጊያውን ገፋችው፤ በቁጣም አልነበር፣
ብርድ እንዳይገባባት ብቻ፣ ቀስ ብሎ ገጠመ በር።

ተናደድኩ።
ከወደብ ጫኞች ጋር ቢራ እየጠጣሁ፣
«ሽማግሌ ስስታም ነው፣ ሙያ ይቀብራል» እያልኩ አማሁ።
ከዚያም ለዝላታር ዳቦ ቤት በገዛ ልኬ ሠራሁ፦
ኮምፔንሳቶ ቆርጬ፣
ቀይ ቀለም ቀብቼ፣
አራት ምስማር መትቼ፣
ከመሰላል ወርጄ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አየሁት።
አምሮብኝ ነበር።

ኅዳር ገባና ነፋሱ መጣ።
ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ዳቦ ቤቱ ስሙን ተነጠቀ፤
ሰሌዳው እንደ ሰከረ ወፍ ሦስት ጣሪያ ዘለለ፣
ግማሹ ባሕር ገባ፣
ግማሹ ዓሣ በጫነ ፒካፕ ላይ ወደቀ።
ሰው አልተጎዳም። ዓሣ ሻጩ ግን እስከ ዛሬ
እኔን ሲያይ ወደ ሰማይ ያያል።

ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ባዶ እጄን አልነበረም፤
የተሰበረው ግማሽ በብብቴ፣
የጎበጡት ምስማሮች በኪሴ፣
ኮፍያዬ በእጄ።
«እንደምን ዋልሽ። ኤሊሴኦ እባላለሁ፤
ባለፈው ደጅሽ ላይ ዋጋ የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ።
ስፋቱ ሁለት ሜትር ነው፣ ቁመቱ ግማሽ፤
ግድግዳው ጡብ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ።
ጠርዙን ቀለም አላጠጣሁትም፣ ሰንፌ።
ይኸው ምስማሩ፤ ይኸው የተቀደደው።
እኔ ውሃው ይመስለኛል የገደለው፣
ወይስ ምስማሩ ነው?»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።
ሰሌዳውን አሸተተችው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው
እንደ ረጠበ ብስኩት ፈረሰ።
«ነፋሱን ይዘኸው መጣህ፣» አለች፣
«ዕቃ ሳይዝ ለመጣ ሰው መልሱን ምን ላይ ልቅዳለት?»

እስኪመሽ አወራችኝ፦
ውሃውም ነው፣ ምስማሩም፣ ከሁሉ ግን ትዕቢቱ፤
ጠርዝ እንደ ሕፃን አፍ ነው፣ ያገኘውን ይጠጣል፤
ነፋስ መተላለፊያ ካጣ ግድግዳ ነቅሎ ይሄዳል፤
ዋጋም ስትቆርጥ ቀለሙን፣ እንጨቱን፣ ሰዓቱን ቁጠር፣
መሰላል ላይ ጉልበትህ የተንቀጠቀጠውንም ጨምር።
«ደግሞ ፊደንሲዮን ጠይቅ፤ እኔን ውሸታም ይልሃል።
አታጣላን፤ የሁለታችንንም ሞክር።»
ደጁ ላይ አስቆመችኝ፦
«ቢቆምም ቢወድቅም መጥተህ ንገረኝ።
ጠያቂው ብዙ ነው፤ ተመልሶ የሚነግር የለም።»

አልነገርኳት።
ሥራ በዛ፣ ክረምት አለፈ፣ ረሳሁ፤
ወይም ረሳሁ ማለት ቀለለኝ።

ትናንት በሬ ተንኳኳ።
ሚርታ ናት፤ ሻርፗን በእጇ ይዛ፣ ሽበቷን ነፋስ እየበተነው።
ለካ በስተርጅና የስቲከር መቁረጫ ማሽን ገዝታለች።
ጥቅሉ በብብቷ፣ ስለቱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፦
«እንዴት ነህ ኤሊሴኦ። ስለቱ የሁለት ወር ነው፤
ፍጥነቱን ቀንሼ ሞከርኩት፤ ቀጥታው ላይ ደህና ነው፣
ኩርባው ላይ ብቻ ይቀደዳል። ይኸው።
ከእኔ ነው ከስለቱ?»
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«የዝላታር ታፔላ ቆሟል፤
በየእሑዱ በዚያ አልፋለሁ።»

ምን ልበል?
በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤
ነፋሱ አብሯት ገባ።