ይግባኝ

የጎረቤቴ የአጣናው ውሻ ስሙ «ምን ታመጣ» ነው፤
እግሩ ሥር ተኝቶ ሳለ፣ ድምፁን ወደ እኔ አጥር እየወረወረ ነው የሚጠራው።
እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጽሕፈት መኪና የሰው ክስ ስመታ የኖርሁ፣
መልስ አላጣሁም፤ ከአዘዞ ቡችላ አስመጣሁና «ይግባኝ» ብዬ ጠራሁ።

ነገሩ የክንድ መሬት ነው፤ ከቀሃ በላይ፣ ካቡ የፈረሰባት፤
አራት ክረምት ዘነበባት፣ እኛ እንደ ተኳረፍንባት።
ቀጠሮ ሲሰጥ፣ ዳኛ ሲቀየር፣ የመዝገቡ ሆድ ሲነፋ፣
እሱ ከማዶ ሲያስነጥስ፣ ከወዲህ «ይማርህ» ባይ ጠፋ።

ቡችላው ግን ምን ያውቃል? አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ የታጠፈ፣
ቀኑን በአሮጌ የባጃጅ ጎማ ውስጥ እንደ ቡልኮ ተጠቅልሎ ያሳለፈ፣
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከግንቡ ጫፍ ስታዘቀዝቅ፣
አንዳች ነገር ይነካዋል፤ ምን እንደ ነካው ማን ይወቅ!

መጀመሪያ ይቆማል።
እኔ የማልሰማውን ይሰማል።
ቂጡን ዝቅ፣
ጭራውን ከታፋው መሃል ሽጉጥ፣
የዓይኑን ነጭ አውጥቶ
ተወረወረ!

በልብስ ገመዱ ሥር፣
በጌሾው ጥግ፣
በቢጫ ጀሪካኖቼ መሃል፣
በፈረቃ የመጣች፣ ሌሊት ተሰልፌ የቀዳኋት ውኃ!
ድብ! አንዱ ተጋደመ።
ድብ! ሁለተኛው።
«አንተ የተረገምህ!» ስለው ሦስተኛ ዙር ዞረኝ፣
በቀሚሴ ሥር ሾልኮ እንደ እንዝርት አሾረኝ።
አጥንት አላየ፣ ድመት አላለፈ፣ አሳዳጅም የለው፤
ያለ ክስ፣ ያለ መጥሪያ፣ ያለ ቀጠሮ፣
ደሙ ውስጥ የገባ ደስታ፣ መውጫ በር ቢያጣ፣ አራት እግር ተበድሮ፣
ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከጓሮ ጓሮ።

እናቴ ብትኖር «ጠበል ይረጭ፣ ለክፉ ነው» ትል ነበር፤
የጓንጉል ልጅ፣ የከብት ሐኪሙ፣ «ጤና ነው እትዬ ስመኝ» አለኝ፣
«ያደረ ጉልበት ነው የሚሰክር።»

ያን ማክሰኞ ግን፣ ቀጠሯችን ለረቡዕ ሊሆን፣
ግቢው ጠበበው መሰለኝ።
አራተኛው ዙር ላይ አልተጠማዘዘም፤
በካቡ ፍራሽ፣ በዚያችው በክንድ መሬት፣ ሽው ብሎ አለፈና
ይግባኝ ገባ።
ሠላሳ ዓመት የጻፍሁት ቃል
እንዲህ በሩጫ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

ምን ታመጣ ሽማግሌ ነው፤ አፉ ሸብቷል፣ ወገቡም ደከመ።
«በላው!» ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ፣
ሽማግሌው ፊት እግሩን ዘርግቶ፣ ቂጡን ሰቅሎ፣ ቡችላውን ተሳለመ።
ከዚያማ ምኑ ይነገር!
ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ፣ ድንበሩን እንደ መርፌ ወጉት፤
የሰፉት እንደ ሆነ አላውቅም፣ ወይ የተረተሩት።
የአጣናው በርበሬ ከነሰሌኑ ተበተነ፣
ነጠላዬም ከገመድ ወርዶ ለምን ታመጣ ኩታ ሆነ።

አጣናው ዱላ ይዞ ወጣ። እኔ መጥረጊያ።
«ምን ታመጣ!»
«ይግባኝ!»
«ምን ታመጣ!»
«ይግባኝ!»
አራት ዓመት የተባባልነው ሁሉ ይኸው ነበር፤
አሁን ግን ቃሉ እኛን ጥሎ
በሁለት ጭራ ላይ ሲሮጥ አየነው።

ቀድሞ የሳቀው ማን ነው? ብንጠየቅ ሁለታችንም እንክዳለን።
ብቻ አጣናው አስነጠሰው፤ በርበሬው ነው።
«ይማርህ» ያለው አፌ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ረቡዕ ቀረብን። ዳኛው አልነበሩም፤ ለኅዳር ተቀጠረ።
ክሱን ያነሳ የለም። ካቡንም የጠገነ የለም።
አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ግን
ጀሪካኖቼን ወደ ግድግዳው አስጠጋለሁ፤
ከማዶም፣ ቀስ ብሎ፣
ሰሌን ሲጠቀለል እሰማለሁ።