ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

አሳንሰሩ ቆመ፣ በመጋቢት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
ከበሩ ላይ ወረቀት ለጥፈውበት፤
«ለጥገና ተዘግቷል» — ማኅተም አለው፣ ቀን የለበት።

ቫልፓራይሶ ነው፤ የእኛ ሰፈር ያለው ከኮረብታው ጫፍ፣
ከታች ወደብ፣ የመርከብ ጡሩምባ፣ ከላይ ጉም እንደ ምንጣፍ፤
ቤቶቹ በመርከብ ቀለም ትራፊ የተቀቡ፣
ገደል አፋፍ ቆመው «ልውደቅ ወይስ ልቆይ» የሚያስቡ።
መቶ ዓመት ያለፈው ያ የእንጨት ሣጥን
በገመድ ተጎትቶ ሲያደርሰን፣
እግር እንዳለንም አላወቅን።

ከጎኑ ደረጃ አለ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣
ውሻና ሰካራም ብቻ የሚያውቁት፤
አሁን የእኛ ሆነ፣ ዳቦ የፈለገ ሁሉ ሊወርድበት።

አባቴ ሮሳሜል፣ የወደብ ሚዛን ሠራተኛ፣
ኮንቴይነር ሲመዝን ውሎ ራሱን የማይመዝን እንቅልፈኛ፣
ነርሷ «ስኳርህ ወጥቷል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመድ» ብላ የጻፈችለት፣
ወረቀቷን በማግኔት ከማቀዝቀዣው ላይ ለጠፋት።
እሷ ብቻ ተራመደች፣
በሩ በተከፈተ ቁጥር ወዲያ ወዲህ እያለች።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሰማንያኛው ላይ ተቀመጠ፤
ከንቲባውን ረገመ፣ ገመዱን ረገመ፣ ትንፋሹ ተቆራረጠ።
እናቴ ኢስሜኒያ፣ ትኩሱን ዳቦ አቅፋ፣
«መሳደብህ ካልቀረ፣ በየደረጃው አንድ አንድ» አለችው፣ አድርጋው በክርኗ ገፋ ገፋ።
ከኋላ ሆነን ስድብ ተማርን፣ መቶ ሠላሳ ሁለት፣
አስተማሪ የማይሰማው፣ ሰው ፊት የማይሉት።

ወንድሜ ቱሊዮ ብስክሌቱን ተሸክሞ
ሽቅብ ሲወጣ፣ ባለ ጋዙ ሲሊንደሩን ተደግፎ ቆሞ፣
«ማን ነው ማንን የሚጋልበው?» ይለዋል፣ ደጋግሞ።
እኔ ሚያራይ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ጎዶሎውን ቁጥር ብቻ እረግጣለሁ፤
ሙሉው ላይ እሳት አለ፣ የነካው ይቃጠላል ብያለሁ።
አባቴም አመነኝ መሰል፣
ሁለት ሁለቱን ሲዘል በነሐሴ አየሁ።

ስለ ስፖርት አላወራንም፤ ወሬያችን ዳቦ ነበር፣
ትኩሱ ሳይበርድ ከቤት የመድረስ ነገር፤
ቅቤው ከቀለጠበት አሸነፍን፤ ካልቀለጠ፣ ነገ እንሞክር።

ሁልጊዜ ጎበዞች አልነበርንም፤ ዝናብ ሲጥል
የጋራ ታክሲ ይዘን፣ ዙሪያውን በመንገዱ ስንጥመለመል፣
እናቴ ደረጃውን በመስኮት ታየዋለች፣ ዓይኗ ይቅርታ ሲል።

አያቴ ሁቬናል ግን፣ የአሳንሰሩ ትኬት ቆራጭ፣
አርባ ዓመት ከመስኮቷ ተቀማጭ፣
«ሰው ገመድ የፈጠረው እንዳይወጣ ነው» ባይ፣ ኩርፊያውን ከጢሙ ሥር አላማጭ፣
ከቤት አልወጣም አለ።
ከዚያ፣ አንድ እሑድ፣ አሥር ወረደ።
ተቀመጠ። ባሕር አየ። ተመለሰ።
ማንም አላሞገሰው፣ እሱም አልተዋረደ።
በማግስቱ ትራስ ይዞ አሥራ አራት ለመደ፤
ትራሱም ከሳምንት ሳምንት ቁልቁል ሄደ፤
አርባኛው ላይ ከጫማ ሰፊው ጋር ወሬ ወደደ፣
ዘጠናኛው ላይ ከአንዲት ድመት ተላመደ፣
ለገና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ወረደ።
መውጣቱስ? ሁለት ሰዓት ፈጀ፤
ሰፈርተኛው አብሮት አረፈ፣ አብሮት ነጎደ።

በየካቲት ተከፈተ። ከንቲባው መቀስ ይዞ፣
አዲስ ገመድ፣ አዲስ ቀለም፣ ሰልፉ እስከ አደባባዩ ተጠማዝዞ።
አባቴ ሳንቲሙን አወጣ፣ ሰልፉን አየ፣ ደረጃውን አየ፣
ሁለት ቀዳዳ የገባ ቀበቶውን ሳብ አድርጎ ጥቂት ቆየ፤
ከዚያ ስድቡን ከአንድ ሲጀምር ሰማነው፤ ከሰልፉ ተለየ።

አያቴ ግን ታማኝ ነው፤ ዛሬም በየጠዋቱ ትኬት ይቆርጣል፣
ሳንቲሙን ቆጥሮ፣ እንደ ደንቡ ይከፍላል፤
ዘንቢል ለከበዳት፣ ላረገዘች፣ ጉልበቱን ለታመመ ይሰጣል፣
«ቦታዬን ሙሉልኝ» ብሎ ይስቃል፤
ትራሱን ከብብቱ ይሸጉጣል፣
ጉሮሮውን ይጠርጋል፣
«አንድ» ይላል።